አታት የት ገባ? የአንድ የካንሰር መድኃኒት ስም ሲፈተሽ

እስቲ ይህን ስም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፦ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን። አንዴ አይበቃም፣ ድገሙት።

አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ላለባቸው ታካሚዎች የሚሰጥ መድኃኒት ስም ነው። እንዲህ ዓይነት ስም ስናይ አብዛኞቻችን ዓይናችን ዘሎት ያልፋል፤ «ይሄ የሐኪሞች ጉዳይ ነው» እንላለን። ዛሬ ግን አንዘለውም። ሰው መጽሐፍን ወይም ፊልምን እንደሚሂሰው እኛም ይህን ስም እንሂሳለን፦ ምኑ ላይ ጎበዝ ነው? የት ላይ ይሰናከላል? ምንስ ይደብቃል?

ስም ሊሄስ ይገባዋል ወይ? ይገባዋል። የመድኃኒት ስም ሰው ቁጭ ብሎ የነደፈው ነገር ነው፤ ልክ እንደ ድልድይ፣ ልክ እንደ መቆጣጠሪያ ቁልፍ። የተነደፈ ነገር ሁሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ይሄኛው ሲበላሽ ዕዳውን የሚከፍለው አልጋ ላይ ያለው ታካሚ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በዚህ ስም ውስጥ ከኢትዮጵያ የተለቀመ ተክል ታሪክ አለ፤ ስሙ ግን ስለ ኢትዮጵያ አንድ ፊደል እንኳ አይናገርም።

በኢንጂነሪንግ ትምህርት አንድ የማሽን ክፍል ላይ የሚለጠፍ መለያ ሦስት ነገር እንዲሠራ ይጠበቃል። አንደኛ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ መናገር። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከጎረቤቱ መለየት። ሦስተኛ፣ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ለመከታተል መርዳት። እኔም በእነዚህ ሦስት ፈተናዎች ላስኬደው ነው። (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ስም ያለው አንድ መድኃኒት

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ይሄ መድኃኒት የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ አይደለም። በቤተ ሙከራ ሲሠራ የወጣለት ስም ቲ-ዲኤም1 ነው፤ አሁንም በጥናት ጽሑፎች ላይ በዚሁ ስም ታገኙታላችሁ። በሱቅና በማስታወቂያ ስሙ ካድሳይላ ይባላል፤ ይሄ የሮሽ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። ሦስተኛው፣ እኛ የያዝነው፣ ዓለም አቀፍ የጋራ ስሙ ነው። የጋራ ስም ማለት ማንም ኩባንያ «የግሌ ነው» ብሎ ሊያጥረው የማይችል፣ ሐኪምም ተማሪም ተፎካካሪ አምራችም እኩል የሚጠቀምበት ስም ማለት ነው።

የጋራ ስሞችን የሚያጸድቀው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ሥርዓቱ በ1950 በጤና ጉባኤው ተወስኖ በ1953 ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ንጥረ ነገር በአንድ አገር በአንድ ስም፣ በሌላው አገር በሌላ ስም ከተጠራ፣ ድንበር የተሻገረ ታካሚ ምን እንደሚወስድ ማን ያውቃል? ስለዚህ ስሙ አንድ ይሁን፣ የሕዝብ ይሁን ተባለ። በእኔ አስተያየት ይሄ ሳይንስ ካበረከታቸው ትልልቅ ሆኖም ብዙም ካልተወራላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ትችቴንም ከዚህ አክብሮት ተነስቼ ነው የምጽፈው።

ፈተና አንድ፦ ምን እንደሆነ ይናገራል?

የመጀመሪያውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት እንፍታው።

መጨረሻው «ማብ» ነው። «ማብ» የሞኖክሎናል አንቲቦዲ ምልክት ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሞኖክሎናል ሲባል ደግሞ ከአንድ ሕዋስ ዘር የተባዛ፣ ሁሉም ቅጂ አንድ ዓይነት የሆነ ማለት ነው። ከ«ማብ» በፊት ያለው «ዙ» አንቲቦዲው መነሻው ከአይጥ ቢሆንም የሰውነታችን መከላከያ እንዳያባርረው አብዛኛው ክፍሉ በሰው አንቲቦዲ መልክ ተለውጦ መሠራቱን ይናገራል። ከዚያ በፊት ያለው «ቱ» ዒላማው ዕጢ መሆኑን ይነግረናል። የቀረው «ትራስ» ነው። ይሄ ለአማርኛ ጆሮ የራስጌ ትራስን ቢያስታውስም ምንም ትርጉም የለውም፤ ይህን አንቲቦዲ ከሌሎቹ ለመለየት ብቻ የተመረጠ ድምፅ ነው።

አያችሁ? ቋንቋ ነው። በአማርኛ አንድን ቃል ሰምታችሁ ባታውቁት እንኳ መጨረሻው «ነት» ከሆነ የሆነ ባሕርይ ወይም ሁኔታ ስም እንደሆነ ትገምታላችሁ አይደል? «ማብ»ም እንደዚያው ነው። ሥርዓቱን የምታውቁ ከሆነ «ሪቱክሲማብ» የሚል ስም ስታዩ መድኃኒቱን ሰምታችሁት ባታውቁም ዕጢ ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ መሆኑን በራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የተቀየረው «ዙ» በ«ክሲ» ነው፤ ይሄኛው ከአይጥና ከሰው የተዳቀለ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል ኤምታንሲን ነው። «ታንሲን» የሚለው መጨረሻ የሜይታንሲን ቤተሰብ ምልክት ነው። ሜይታንሲን ኃይለኛ መርዝ ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዘረ መሉን እኩል የሚያካፍልበት፣ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የሚገጣጠም የቀጫጭን ቱቦዎች መዋቅር አለው። ሜይታንሲን ቱቡሊኑ ላይ ተጣብቆ ግጥሚያውን ያስቆማል፤ መክፈል ያቃተው ሕዋስ ይሞታል። ፊት ያለው «ኤም» ደግሞ ይህ መርዝ በምን ዓይነት ማገናኛ ከአንቲቦዲው ጋር እንደተያያዘ ከሌሎች ዘመዶቹ ይለየዋል።

ሁለቱን ቃላት ስታገናኙ መድኃኒቱ በራሱ ስም ውስጥ ተዘርግቶ ታዩታላችሁ። ትራስቱዙማብ መሪው ነው፤ ኸር2 የሚባለው ተቀባይ ፕሮቲን የበዛበትን ሕዋስ ፈልጎ ይይዛል። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ይሄ ፕሮቲን የበዛባቸው ናቸው። ኤምታንሲን ጭነቱ ነው። አንድ አንቲቦዲ በአማካይ 3.5 ያህል የመርዝ ሞለኪውሎች ይሸከማል። ሕዋሱ አንቲቦዲውን ከነጭነቱ ውጦ ሲፈጨው መርዙ እዚያው ውስጥ ይለቀቃል። ለመላው ሰውነት ቢረጭ ሰውየውን የሚጎዳ መርዝ አድራሻ ተጽፎለት ተላከ ማለት ነው። አድራሻው ፍጹም አይደለም፤ መድኃኒቱ ጉበትንና ልብን ሊጎዳ ስለሚችል በጥብቅ ክትትል ነው የሚሰጠው።

የመጀመሪያውን ፈተና እንግዲህ ስሙ በጥሩ ውጤት አልፏል። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ይህ የስም ሰዋስው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በ2017 «ዙ»ንና መሰሎቹን ለአዳዲስ ስሞች መጠቀም ቆመ። በ2021 ደግሞ «ማብ» ራሱ በአራት አዳዲስ መጨረሻዎች እንዲተካ ተወሰነ፤ በ«ማብ» የሚያልቁ ስሞች በዝተው እርስ በርስ መመሳሰል ጀምረው ነበርና። የቆዩት ስሞች ግን አልተነኩም። ስለዚህ ዛሬ የምትማሩት ሰዋስው ለትናንት መድኃኒቶች ይሠራል፤ ለነገዎቹ ሌላ መማር ይኖርባችኋል። ለውጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለውጡ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፦ ስሞች ብዙ ሲናገሩ መለየት ያቅታቸዋል። ይሄ ወደ ሁለተኛው ፈተና ይወስደናል።

ፈተና ሁለት፦ ከጎረቤቱ ይለያል?

ምን መሰላችሁ፣ ትራስቱዙማብ ብቻውንም መድኃኒት ነው። በንግድ ስሙ ኸርሴፕቲን ተብሎ በ1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። መርዝ አልተጫነበትም፤ ባዶውን መሪ ነው። ጭነት ያለው ወንድሙ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ደግሞ በአሜሪካ የተፈቀደው በየካቲት 2013 ነው።

እንግዲህ ሁለት ብልቃጥ አለ በሉ። በአንዱ «ትራስቱዙማብ»፣ በሌላው «ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን» የሚል ተጽፏል። ሁለቱም በደም ሥር ይሰጣሉ፣ ሁለቱም በየሦስት ሳምንቱ፣ ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ካንሰር። መጠናቸው ግን ለየቅል ነው። ትራስቱዙማብ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ በኪሎ 6 ሚሊግራም ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን በኪሎ 3.6 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ አይበልጥም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ታካሚዋ 60 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የትራስቱዙማብ መጠኗ 360 ሚሊግራም ነው። የትራስቱዙማብ ኤምታንሲን መጠኗ 216 ሚሊግራም ነው። አንድ ሰው ሁለተኛዋን ቃል ዘሎ በመጀመሪያው መድኃኒት መጠን ሁለተኛውን ቢያዘጋጅ፣ መርዝ የተጫነበትን መድኃኒት ከሚገባው በሁለት ሦስተኛ አብልጦ ሰጠ ማለት ነው። የስህተቱ ምንጭ አንድ ቃል መዝለል ብቻ ነው።

ይሄ የኔ ምናባዊ ፍርሃት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ከመፈቀዱ በፊት በተደረጉ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ላይ ሁለቱን የማቀያየር ስህተቶች ታይተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በግንቦት 2013 ስለዚሁ ጉዳይ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ። በአሜሪካ የመድኃኒቱ ስም ሲፈቀድ ከፊቱ «አዶ» የሚል ተጨምሮበት ነበር፦ አዶ-ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን። ችግሩ አንዳንድ ጽሑፎችና የኮምፒውተር ሥርዓቶች «አዶ»ን እየጣሉ ይጽፉት ነበር።

«አዶ» ምን ማለት ነው? ምንም። ከፊት የሚለጠፍ እንቅፋት ነው፤ አንባቢውን «ቆይ፣ ይሄ ያኛው አይደለም» ብሎ እንዲያቆመው የተቀመጠ። ሐሳቡን እረዳለሁ። በኮምፒውተር ዝርዝር ውስጥ ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ በ«ት» ድምፅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ «አዶ» አንዱን ወደ ዝርዝሩ መጀመሪያ ይገፋዋል። ግን ሦስት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ትርጉም የሌለው ነገር በቀላሉ ይጣላል፤ የሆነውም ይሄው ነው። ሁለተኛ፣ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው፤ በአውሮፓ ያለ «አዶ» ነው የሚጻፈው። አንድ ስም ለዓለም ሁሉ እንዲሆን ተብሎ የተጀመረው ሥርዓት እዚህ ላይ ተሰነጠቀ። ሦስተኛ፣ ዋናውን ሥሕተት አያርምም። ዋናው ሥሕተት ምንድን ነው? አደገኛው መረጃ፣ ማለትም «መርዝ አለበት» የሚለው፣ በስሙ መጨረሻ ላይ መቀመጡ ነው። ሰው ረጅም ስም ሲያነብ መጀመሪያውን ይይዛል፣ መጨረሻውን ይገምታል። መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚነድፍ ሰው የአደጋውን ቁልፍ ከጥግ፣ በትንሽ ፊደል አያስቀምጥም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በታኅሣሥ 2019 ሦስተኛ ወንድም መጣ፦ ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን፣ በንግድ ስሙ ኤንኸርቱ። መሪው ያው ነው፣ ጭነቱ ሌላ፣ ለጡት ካንሰር መጠኑ በኪሎ 5.4 ሚሊግራም። ለዚህኛው አሜሪካኖቹ ከፊቱ «ፋም» ጨመሩበት። እንግዲህ 3.6፣ 5.4፣ 6፤ ሦስት የተለያዩ መጠኖች፣ ሦስት መድኃኒቶች፣ አንድ የጋራ መነሻ ቃል።

እዚህ ላይ ያ ምንም የማይናገረው የንግድ ስም ይበልጣል ብል ትገረሙ ይሆን? ካድሳይላ፣ ኸርሴፕቲን፣ ኤንኸርቱ። ማንም አያምታታቸውም። የጋራ ስሙ ብዙ ይናገራል፣ ግን አይለይም፤ የንግድ ስሙ ይለያል፣ ግን የኩባንያ ንብረት ነው። ለዚህ ነው ለእነዚህ መድኃኒቶች ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ መጻፍ የሚመከረው። በሁለተኛው ፈተና ስሙ ብቻውን ወድቋል ባይ ነኝ።

ስሙ ወደ ፊደላችን ሲገባ

ይሄ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው። በአማርኛ ስንጽፈው ደግሞ የራሳችን ጣጣ ይጨመራል።

የሚመሳሰሉ የመድኃኒት ስሞችን ለመለየት በእንግሊዝኛ የሚታወቅ ዘዴ አለ፦ የሚለያዩበትን ክፍል በትልልቅ ፊደል መጻፍ። ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የሚባሉ ሁለት የካንሰር መድኃኒቶች አሉ። መሃላቸው ላይ ያለውን «ክሪስ» እና «ብላስ» በትልልቁ ጽፈው ዓይን እዚያ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋሉ። እኛ ይህን ዘዴ መጠቀም አንችልም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። «ሀ» ሁልጊዜ «ሀ» ነው። ማድመቅ ወይም ቀለም መለወጥ እንችላለን፤ ያ ግን በእጅ ጽሑፍ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በጥቁርና ነጭ ቅጂ ላይ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጣጣ አጻጻፍ ነው። ትራስቱዙማብ? ትራስትዙማብ? ትራስቱዝማብ? ሦስቱንም ብትጽፉ አማርኛ አንባቢ ይረዳችኋል፣ ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። እናቷ የታመመችባት ልጅ በአማርኛ መረጃ ብትፈልግ የምታገኘው በመረጠችው አጻጻፍ የተጻፈውን ብቻ ነው።

«ታዲያ ማዘዣው በእንግሊዝኛ አይደል የሚጻፈው?» ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ የሐኪም ማዘዣው በእንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን ታካሚዋና ቤተሰቧ ስለ መድኃኒቱ የሚነጋገሩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው ካንሰር ነው። እንግዲህ ስለ እነዚህ ስሞች በቋንቋችን በጥንቃቄ መጻፍ ቅንጦት ሊሆን አይችልም። ለምንጽፍ ሰዎች ያለኝ ሐሳብ ሁለት ነው፦ አንድ የጋራ አጻጻፍ እንስማማ፤ ስሙን ደግሞ ፈጽሞ አናሳጥር። «ትራስቱዙማብ» ብሎ ማቆም ሌላ መድኃኒት መጥራት ነው።

ፈተና ሦስት፦ ከየት እንደመጣ ያስታውሳል?

አሁን ወደ አታት እንምጣ።

አታትን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ደጋና ወይናደጋ ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይባላል፣ የከተማ ስም ሆኖ የምናውቀው ቃል። አንድ ዝርያ ብቻም አይደለም፤ የተቀራረቡ ዘመዶች በጋራ የሚጠሩበት ስም ነው። በሳይንስ ቋንቋ ሜይቴነስ በሚለው ወገን ሥር ተመዝግበው ቆይተዋል፤ አንዳንድ የዕፅዋት ሊቃውንት ዛሬ ጂምኖስፖሪያ በሚባል ሌላ ወገን ይመድቧቸዋል።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ካንሰርን የሚዋጋ ነገር ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ የተክል ናሙና ያሰባስብ ነበር። ከኢትዮጵያ ከሄዱት አንዱ ከእነዚህ ተክሎች ነው። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ውስጡን ለዓመታት ከፈተሹ በኋላ በ1972 አዲስ ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን አሳተሙ። ሜይታንሲን አሉት፤ ከሜይቴነስ የተወሰደ ስም። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ከአንድ ኪሎ የደረቀ ተክል የወጣው 0.2 ሚሊግራም ያህል ነበር።

አሁን የስሙን ሰንሰለት ወደ ኋላ እንጎትት። ኤምታንሲን ከሜይታንሲን መጣ። ሜይታንሲን ከሜይቴነስ መጣ። ሜይቴነስስ? የወገኑን ስም በ1782 ያወጣው ኽዋን ኢግናሲዮ ሞሊና የተባለ የቺሊ ሊቅ ነው፤ ቃሉን የወሰደው የቺሊ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማፑቼዎች ነው። ማይቴን ይሉታል፣ እዚያ የሚበቅለውን ዛፍ።

እንግዲህ ውጤቱን እዩልኝ። ከኢትዮጵያ የተለቀመ ቁጥቋጦ፣ በአሜሪካ የተመረመረ፣ በስሙ ውስጥ የተረፈው ግን ቁጥቋጦውን አይተውት የማያውቁት የማፑቼዎች ቃል ነው። አታት የትም የለም። ኮምቦልቻም የለም።

በዚህ ልንቆጣ ይገባል? እኔ ለመቆጣት ከመቸኮል በፊት ሌላውን ወገንም ማየት እመርጣለሁ። ሜይታንሲን ብቻውን መድኃኒት መሆን አልቻለም፤ በሰው ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ተተወ። ወደ መድኃኒትነት ያመጣው ከአንቲቦዲ ጋር የማያያዙ ሐሳብ ነው፤ ይሄ የብዙ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካም ነው። ደግሞም ዛሬ መነሻ ንጥረ ነገሩ የሚመረተው ከተክል አይደለም፤ አክቲኖሲኔማ ከሚባል ባክቴሪያ ነው። ይባስ ብሎ በ2010ዎቹ በተክሉ ዘመዶች ላይ የወጡ ጥናቶች ሜይታንሲንን የሚሠራው ተክሉ ብቻውን ሳይሆን ሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ያመለክታሉ። ለካ ስሙን የወሰደው ተክልም ባለቤት ላይሆን ይችላል!

የሌሎች መድኃኒቶች ስምም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አያስታውስም። ቪንክሪስቲን የማዳጋስካር ተወላጅ ከሆነች አበባ የተገኘ ነው፤ ስሙ የያዘው ግን አበባዋ ቀድሞ ትመደብበት የነበረውን ቪንካ የሚል የላቲን ቃል ነው። የስም ሥርዓቱ ኬሚስትሪን ያስታውሳል፤ ቦታንና ሰውን አያስታውስም።

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ስሙ አታትን ማስታወስ ነበረበት ብዬ አልፈርድም። የመድኃኒት ስም ሐውልት አይደለም። የመጀመሪያ ግዴታው ለታካሚዋ ነው፤ በሁለተኛው ፈተና እንዳየነው አሁንም ተርፎት የሚናገር ስም ነው። ሌላ ትዝታ ብንጭንበት የበለጠ ይረዝማል፣ የበለጠ ይዘለላል።

ነገር ግን ስሙ ካልያዘው ሌላ ነገር መያዝ አለበት። ናሙናው ሲሄድ አገሮች በዕፅዋታቸው ላይ መብት እንዳላቸው የሚደነግገው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ገና አልነበረም፤ የተፈረመው በ1992 ነው። ኢትዮጵያም የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። አሁን ሕጉ አለ። የጎደለው ታሪኩ ነው። የባዮሎጂ ተማሪ አታትን በአጥር ሥር እያየ፣ በሌላ ክፍል ደግሞ ስለ ካንሰር መድኃኒት እየተማረ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው አያገኝም። ይህን ክፍተት መድፋት የጄኔቫ ስም አውጪዎች ሥራ አይደለም፤ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የምናስተምርና የምንጽፍ ሰዎች ሥራ ነው።

ታሪኩ ሲነገር ግን እስከ መጨረሻው ይነገር። ግማሹ ብቻ ከተነገረ አደጋ ነው። «አታት ካንሰር ያድናል» የሚል ወሬ ከዚህ ጽሑፍ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ ጽሑፌ ከሸፈ። ከኪሎ 0.2 ሚሊግራም የሚወጣ፣ ብቻውን ሲሰጥ ሰው የጎዳ፣ አድራሻ ተጽፎለት ብቻ የሚሠራ መርዝ ቅጠል ቀቅሎ በመጠጣት መድኃኒት አይሆንም። ካንሰር ያለበት ሰው ሕክምናውን ትቶ ወደ ቁጥቋጦ እንዲሄድ የሚመክር ሰው ሳይንሱንም ታማሚውንም በድሏል።

እናንተስ?

ፍርዴን ላጠቃልል። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ምን እንደሆነ በመናገር ጎበዝ ነው። ራሱን ከወንድሞቹ በመለየት ደካማ ነው፤ ይሄ ድካሙ ደግሞ በሚሊግራም ይለካል። መነሻውን በማስታወስ ረገድ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን እኛ ልንሞላው የምንችለው ነው።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤት ይህን ዓይነት ሕክምና የምትወስድ ሰው ካለች፣ ማድረግ የምትችሉት ትንሽ ነገር አለ። የመድኃኒቱን ሙሉ ስም፣ ሁሉንም ቃላት፣ ከብልቃጡ ወይም ከካርዱ ላይ በላቲን ፊደሉ እንዳለ ገልብጣችሁ ያዙላት። ከጎኑ የንግድ ስሙን ጻፉ። ነርሷ ወይም ሐኪሙ ሲመጡ «የዛሬው የትኛው ነው? ሁለተኛው ቃሉ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ጥሩ ባለሙያ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል፤ እሱም ራሱ ደጋግሞ የሚያረጋግጠው ነገር ነውና።

በሚቀጥለው ጊዜ በ«ታንሲን» የሚያልቅ ስም ስታዩ ደግሞ አትዝለሉት። ምን እንደተጫነ ታውቃላችሁ፤ የመጀመሪያው ናሙና ከየት አገር እንደተለቀመም እንዲሁ።